ማን ማንን?

ሰናይት ስትደውልልኝ ከጀሞ ወደ ሀይሌ ጋርመንት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ኋላ ሞተሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። "ኤርሚያስ፣ ሲስተር አረፉ" አለችኝ። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። "መቼ?" አልኳት። "አሁን ጠዋት። እህታቸው ቁርስ ልትሰጣቸው ስትገባ።" ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ረዳቱ "ወንድም፣ አልወርድም አልክ እንዴ?" ብሎ ሲነካኝ ነው የባነንኩት።

ሲስተር ዘነበችን የሰፈራችን ሰው የሚያስታውሳቸው በአንድ ነገር ነው፤ ሰው መተዋል። "ያቺ በወንበር የጣለችው" ይላል ባለሱቁም ተራ አስከባሪውም። ስማቸውን የማያውቅ እንኳ ይህን ያውቃል። እኔ ከዚያ ቀን በፊትም ከዚያ ቀን በኋላም አብሬያቸው ሰርቻለሁ። ስለ እሳቸው ላውራ ካልኩ ወንበሩን ልዘለው አልችልም፤ ከወንበሩ መጀመር ግን አልፈልግም።

የምክር አገልግሎት ቢሯችን ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ቤት ፎቅ ላይ ነበር። ማስታወቂያው "ለግለሰብ፣ ለጥንዶች፣ ለቤተሰብና ለቡድን" ይላል። ታች የአሉሚኒየም መቁረጫው ሲጮህ፣ ላይ የሚያወራው ሰው ንግግሩን አቋርጦ ድምፁ እስኪያልፍ ይጠብቃል። እኔ በዚህ ስናደድ ሲስተር ይስቁብኝ ነበር። "ተወው ይጩህ። ውሸት በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያምረው። መሀል ላይ ካቋረጡት ሰውየው የት እንደደረሰ ይጠፋዋል" ይሉኛል።

አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ፀጉራቸውን ከሥር የሚከረከሙ ሴት ነበሩ። ለብዙ ዓመት ድንገተኛ ክፍል ነርስ ሆነው ስለሠሩ አረማመዳቸው የሆስፒታል ኮሪደር አረማመድ ነው፤ ፈጣንና ድምፅ የሌለው። ከባድ ሰው ሊገባ ሲል የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከቱታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "በሽተኛ ሲወራጭ ሰዓት ፊት ይቧጭራል። ልማድ ነው" አሉኝ። ድንገተኛ ክፍል ሳሉ "በር መታኝ"፣ "ደረጃ ላይ ወደቅኩ" የሚሉ ሴቶችን ቅንድብና ከንፈር ሲሰፉ ኖረዋል። አንዷን ደጋግመው ሰፍተዋታል። የመጨረሻው ቀን ስትመጣ የሚሰፋ ነገር አልነበረም፤ ፊቷ በአንሶላ ተሸፍኖ ነው የገባችው። ከዚያ በኋላ ነው ሆስፒታሉን ትተው፣ ባረጁበት ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ምክር የተማሩት።

እኔ ከዱራሜ መጥቼ፣ ሳይኮሎጂ ጨርሼ፣ ቢሯቸው የተቀጠርኩ ቀን አንድ አባትና ልጅ መጡ። አባትየው ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ልጁ ጢሙ ገና የበቀለ ጎረምሳ። አባትየው ስለ አስተዳደግ፣ ስለ ልፋቱ፣ ስለ ውለታ ቢስነት እያወራ ሳለ ልጁ ድንገት ተነስቶ የአባቱን ኮሌታ አንቆ ያዘ። አባትየው የልጁን አውራ ጣት በጥርሱ ነክሶ አልለቅም አለ። ወንበር ተገለበጠ። ደም በአባትየው አገጭ ላይ መውረድ ጀመረ። እኔ የተማርኩት ነገር ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ቆምኩ። ሲስተር ወጥተው ሽንት ቤት ያለውን ጀሪካን ይዘው ተመለሱና ውሃውን ከላይ እስከ ታች ደፉባቸው። ተላቀቁ። ልብሳቸው እየተንጠባጠበ፣ እንደ ድመት እያስነጠሱ ተቀመጡ።

ሲስተር ጓንት አድርገው የልጁን ጣት እያጠቡ፣ "በሉ አሁን ንገሩኝ። ምን ተፈጠረ?" አሉ።

"ምን ይፈጠራል፣ ተጣላን እንጂ" አለ አባትየው።

"ማን ማንን?"

"እንዴት?"

"ተጣላን ማለት ምን ማለት ነው? ማን ማንን ምን አደረገው?"

አባትየው አፉን ጠረገ። "እኔ… ነከስኩት" አለ። ልጁ ወዲያው ማልቀስ ጀመረ።

የሲስተር ዘነበች ሥራ በሙሉ ይኸው ነበር ማለት ይቻላል። ሰው እሳቸው ፊት ተቀምጦ "ተጣላን" ሲል፣ "ነገር ተነሳ" ሲል፣ "እጄ ቀደመኝ" ሲል፣ "ሰይጣን መሀላችን ገባ" ሲል፣ እሳቸው ቀስ ብለው "ማን ማንን?" ይላሉ። "ሰይጣንን እዚህ ቢሮ ቀጥሬው አላውቅም፤ የመጣኸው አንተ ነህ" ይላሉ። አንዳንዱ ተሳድቦ ይወጣል። አንዱ ጠረጴዛውን በእግሩ ገልብጦባቸው ሄዷል። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት የወንዶች ቡድን ነበረን። ሚስቶቻቸውን፣ እህቶቻቸውን፣ ልጆቻቸውን የሚደበድቡ ወንዶች ናቸው። ከፊሎቹን ቤተክርስቲያን ልካቸዋለች፤ ከፊሎቹን የመስጊድ ሽማግሌዎች፤ ከፊሎቹ ሌላ የሚሄዱበት አጥተው ነው። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አለበት፤ ስሙን፣ ማንን እንደመታ፣ በምን እንደመታ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ወራት የፈጀበት ሰው ነበር። ጋሽ ሸምሱ ማለት ጋራዥ ያላቸው፣ ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ልጃቸው "ቡድን ካልገባህ የልጅ ልጅህን አታይም" ስላለቻቸው ነው የመጡት። ሲመጡ ይቀመጣሉ፤ ሲያበቃ ይሄዳሉ። አንድ ቅዳሜ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ሸምሱ እባላለሁ። ሚስቴን በክሪክ እጀታ መታኋት። ክንዷን ሰበርኩት" አሉ። ከዚያ ተነስተው ወጥተው ኮሪደሩ ላይ አስታወኩ። ሲስተር ተከትለው ወጥተው ጀርባቸውን ያዙላቸው።

ታምራትና ሰናይት የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ታምራት ጀሞ ላይ ሴራሚክና ቀለም ይሸጣል። ሰናይት ሱቁን አብራው ትሠራለች። ገና ሲገቡ ወንበር ስቦ ያስቀመጣት እሱ ነው። አንደበቱ የሚገርም ነበር። ጥፋቱን አይደብቅም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃላት እየመረጠ፣ "እኔ የምወዳትን ሰው የማሳዝን ሰው መሆን አልፈልግም" ይላል። እኔ በሆዴ እንዲህ ዓይነት ባለጉዳይ በብዛት ይምጣልን አልኩ።

"አንቺስ?" አሏት ሲስተር።

ሰናይት ወደ ባሏ ዞር አለችና "እሱ እንዳለው ነው" አለች።

ሲስተር ተነሱ። "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አብራችሁ አላያችሁም። አንቺ ረቡዕ ጠዋት ለብቻሽ ትመጫለሽ። አንተ ቅዳሜ ቡድን ውስጥ ትገባለህ።"

"የመጣነው እንደ ባልና ሚስት ነው እኮ" አለ ታምራት ፈገግ ብሎ።

"አውቃለሁ።"

ከሄዱ በኋላ "ምን ሆነው ነው? ጥሩ እየተናገረ ነበር" አልኳቸው። "ልጅቷን አየሃት? መልስ ከመስጠቷ በፊት ያየችው ፊቱን አይደለም፤ እጁን ነው" አሉኝ።

ታምራት ቡድኑ ውስጥ በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ዓረፍተ ነገሩን ተናገረ። ስሙን ጠራ፤ ሰናይትን በቀበቶና በቡጢ እንደመታት ተናገረ፤ አለቀሰ። ወንዶቹ ተነስተው አቀፉት። ሲስተር ከወንበራቸው አልተነሱም። ማታ ቢሮ ስንዘጋ "በጣም አማረለት" አሉ።

"ማማሩ ጥሩ አይደል?"

"ሸምሱ ሲናገር አስታወከ። ይሄ ሲናገር ማን እንደሚያየው ዙሪያውን ይቃኝ ነበር።"

በወሩ ሰናይት ቤቷን ጥላ መካኒሳ እህቷ ቤት ገባች። ሲስተር ውጪ ብለዋት አይደለም። "ብወጣ ምን ይመጣል? ብቀመጥስ?" እያለች ስትጠይቃቸው አብረዋት ሲያስቡ ነው የከረሙት። ታምራት ግን እንደዚያ አላመነም። ሽማግሌዎች ላከ። ኮታቸውን የለበሱ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። አንደኛው በትሕትና ጀመሩ።

"እህታችን፣ ልጁ ተጸጽቷል። በእንባ ነው የነገረን።"

"አምናለሁ፤ እዚህም አልቅሷል።"

"እንግዲያው ልጅቷን ይምከሩልን። ወደ ቤቷ ትግባ።"

"ከገባች በኋላ ማን ነው አብሯት የሚያድረው? እርስዎ ያድራሉ?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"አስታርቄ ካስገባኋት በራቸው ላይ መተኛት አለብኝ ማለቴ ነው፤ ድምፅ ከሰማሁ እንድገባ። እኔ ሥራዬ ማስታረቅ አይደለም አባቴ። እሷ የምትፈልገውን እስክታውቅ አብሬያት መቀመጥ ነው።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አነሱ። "ትዳር ማፍረስ ደግሞ ሥራ ሆነ" ብለው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ስንመጣ ማስታወቂያችን በድንጋይ ተሰባብሮ አገኘነው። ሲስተር ስብርባሪውን በመጥረጊያ ሰብስበው "ለቤተሰብ" የሚለው ቁራጭ ሳይሰበር መትረፉን አሳዩኝና ሳቁ።

ያ ረቡዕ ፀሐያማ ነበር። ሰናይት ከሲስተር ጋር ውስጠኛው ክፍል ናት። እኔ ከጎናቸው ባለው ክፍል አንድ እንቅልፍ ያጣ ወጣት እያናገርኩ ነው። ታች መቁረጫው ይጮሃል። ታምራት ደረጃውን ሲወጣ ማንም አልሰማም። እኔ የሰማሁት ጩኸቷን ነው። መጀመሪያ የአሉሚኒየሙ ድምፅ መስሎኝ ነበር።

በሩን ስከፍት ሰናይት ጥግ ላይ ተቀምጣ እጇን ፊቷ ላይ ዘርግታለች። ከመዳፏ እስከ ክንዷ ተተልትላ ደሙ በጉልበቷ ላይ ይወርዳል። ታምራት የሥጋ ቢላ ይዟል። ፊቱ ላይ ምንም ዓይነት ንዴት አልነበረም፤ ሴራሚክ እንደሚቆርጥ ሰው ሥራው ላይ ያተኮረ ፊት ነበር። ሲስተር የተቀመጡበትን ተጣጣፊ የብረት ወንበር በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ክንዱ ላይ አሳረፉበት። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ቢላው ወደቀና ተንሸራቶ እግሬ ሥር መጣ። ታምራት በጉልበቱ ተንበረከከ። ክንዱን በሌላው እጁ አቅፎ ቀና ብሎ አያቸው።

በዚህ ጊዜ ነው ሲስተር ወንበሩን እንደገና ያነሱት። እኔ ገና "ሲስተር!" ስል ጭንቅላቱ ላይ ወረደ። በጎኑ ወደቀ። ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

ሲስተር ወንበሩን ዘርግተው፣ ቀጥ አድርገው አቆሙት። ሻርፓቸውን ከአንገታቸው አውልቀው የሰናይትን ክንድ አሰሩ፤ "እጅሽን ከፍ አድርጊ፣ እንዲህ፣ ጎበዝ" አሏት። "ኤርሚያስ፣ አምቡላንስ ጥራ" አሉኝ። ከዚያ ታምራት አጠገብ ተንበርክከው አንገቱ ላይ የደም ሥሩን ፈለጉ፤ ምላሱ እንዳያፍነው ቀስ ብለው በጎኑ አስተካከሉት። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት እጅ ነው የነኳቸው።

ፖሊስ ጣቢያ ቃላችንን የተቀበለን ሳጅን ትሑት ልጅ ነበር። እናቱን የሚያናግር ነው የሚመስለው።

"ሲስተር፣ የመቱት ቢላውን ይዞ እያለ ነው አይደል?"

"የመጀመሪያውን አዎ።"

"ማለት…"

"ሁለተኛውን ቢላው ከወደቀ በኋላ ነው የመታሁት።"

ሳጅኑ ቀና አለ። "በድንጋጤ ነው እንግዲህ። ሰው ሲደነግጥ…"

"አልደነገጥኩም። ድንጋጤ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን የኖርኩት የደነገጠ ሰው ሳክም ነው።"

"እናቴ፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። ራስዎን ነው የሚጎዱት።"

"ጻፈው የኔ ልጅ። ተመታ አትበል። መታሁት ብላለች በል።"

ሳጅኑ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ እርዳኝ አለኝ። እኔም ያየሁትን ሲጠይቀኝ ያየሁትን ነገርኩት፤ እሳቸው ተናግረው ስለጨረሱ የሚቀነስ ነገር አልነበረም።

ታምራት አልሞተም። ሆስፒታል ብዙ ከርሞ ወጣ፤ ቀኝ ጎኑ ግን ሰነፈ፤ ንግግሩም ተንቀራፈፈ። ያ ቃል የሚመርጥ ሰው አንድ ቃል ፈልጎ እስኪያገኝ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል። በግድያ ሙከራ ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። ሲስተርም ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛዋ የመከላከልን ወሰን አልፈዋል ብላ ጥፋተኛ ናቸው አለች፤ ቅጣቱን ግን በገደብ አደረገችላቸው። ጠበቃው ይግባኝ እንበል ሲላቸው "ምን ብለን?" አሉት።

ሰፈሩ ግን ሌላ ፍርድ ነበረው። ሀይሌ ጋርመንት ላይ ሴቶች እያቆሙ ይስሟቸዋል። ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ በመስታወት አይቶ "ጀግና!" ይላቸዋል። ሲስተር ሊጠይቁኝ ቢሮ ጎራ ባሉበት አንድ ቀን፣ ከዚያ በፊት ስናማክራት የነበረች ሴት ፊቷ እየበራ ገባች። "ሲስተር፣ እኔም አልጋዬ ሥር ፌሮ አስቀምጫለሁ። እስቲ አሁን ይንካኝ!" አለች። ሲስተር ሴትየዋን ይዘው ውስጥ ገቡ፤ በሩም ሳይከፈት ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። "እኔን አይታ ነው" አሉኝ። "በቃላት ያስተማርኳት አንድም አልቀረላትም። አሁን የምታስታውሰው ወንበሩን ብቻ ነው።" በሳምንቱ ብረቱን ቢሮ አምጥታ አስረከበችን። ቤቷን ግን ለቃ ነበር የመጣችው።

የፍርድ ቤቱ ጉዳይ እስኪያልቅ ሲስተር ሥራ አቁመው ነበር፤ የወንዶቹን ቡድን የምመራው እኔ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ በሩ ተከፈተና ገቡ። ወደ እኔ አልመጡም። በወንዶቹ መሀል ወዳለው ባዶ ወንበር ሄደው ተቀመጡ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። አንድ ወጣት ሹፌር "ኧረ እኛን እንዳይመቱን!" ብሎ ቀለደ፤ ሳቁ። ሲስተር ጭብጨባውም ሳቁም እስኪያልቅ ጠበቁ።

"ዘነበች እባላለሁ" አሉ። "ታምራትን በብረት ወንበር መታሁት። መጀመሪያ ክንዱን ነው፤ ቢላው እንዲወድቅ። ቢላው ወደቀ። ከዚያ ጭንቅላቱን መታሁት።"

ለሌላው ሰው ሁሉ የማቀርበውን፣ እሳቸው ራሳቸው ያስተማሩኝን ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ።

"ሁለተኛውን ሲመቱ ምን ተሰማዎት?"

"ደስ አለኝ።"

እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አዩት።

"ስሰፋቸው የኖርኩትን ሴቶች አስቤ ነው ብዬ ላሳምርላችሁ እችል ነበር" አሉ። "ውሸት ነው። በዚያች ሰዓት አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም። ሰናይትም ትዝ አላለችኝም። እሱ እግሬ ሥር ነበር፤ እኔ ከላዩ ነበርኩ። ደስ አለኝ። ደስታው እጄ ላይ ነው የተሰማኝ። ከዚያ የደም ሥሩን ስፈልግ ሄደ።"

ወጣቱ ሹፌር መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ሸምሱ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። "አስተግፊሩላህ" አሉ። "እኛ እኮ ይቺን ነው ያልተናገርናት፣ ሲስተር። ንዴት ነው አልን፣ ችግር ነው አልን፣ አስተዳደግ ነው አልን። ይቺን ማን ደፍሮ ይናገራል? እኔ ክንዷ ሲሰበር… እኔም…" ንግግሩን አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸውም፤ ክቡ ውስጥ ያለነው ሁሉ ገብቶናል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቡድኑ ሌላ ቡድን ሆነ። ሁለት ሰዎች ደግመው አልመጡም። የቀሩት ግን እስከዚያ ቀን ሰምቼው የማላውቀውን ነገር መናገር ጀመሩ። ወጣቱ ሹፌር ሚስቱ ስትለምነው የሚሰማውን ሲናገር ከተቀመጠበት ወድቆ ምንጣፉ ላይ ተንፈራፈረ፤ ይዘነው ቆየን። ከእነዚያ ወንዶች ውስጥ እጃቸውን ዳግመኛ ያላነሱ አሉ፤ ያነሱም አሉ። ሲስተር ሁሉንም ዳኑ ብለው አያውቁም።

እሳቸው ወደ አማካሪነት ወንበራቸው አልተመለሱም። ቢሮውን ለእኔ ሰጥተው፣ እዚያው ቡድን ውስጥ እንደ አንድ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር። በመሀሉ አንድ ቀን "ና ሸኘኝ" ብለው ወደ ጀሞ ወሰዱኝ። ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት አንድ በር አንኳኩ። ዓይናቸው በሞራ የተሸፈነ አሮጊት ከፈቱ።

"ማን ልበል?"

"ዘነበች እባላለሁ። ታምራትን የመታሁት እኔ ነኝ።"

የታምራት እናት ነበሩ፤ እማማ አስካለ። ድምፁ ወደመጣበት እጃቸውን ወርውረው በጥፊ መቷቸው። የሲስተር መነጽር ደረጃው ላይ ወደቀ። እኔ ልገባ ስል ሲስተር ደረቴን ይዘው መለሱኝ። እማማ አስካለ ደገሙ። ከዚያ በሩን ዘጉት። ሲስተር መነጽራቸውን አንስተው በቀሚሳቸው ጠርገው አደረጉ፤ ጉንጫቸው ላይ ጣቶቹ ቀልተው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ብቻቸውን ሄደው፣ ጭንቅላታቸው እስከ ትከሻቸው በእጣቢ ረጥቦ ተመለሱ። የሽንኩርት ልጣጭ ከኮሌታቸው ላይ አነሳሁላቸው።

ከዚያ በኋላ በመሀላቸው ምን እንደተባለ አላውቅም። አንድ እሁድ ጠዋት ግን ጀሞ ታክሲ ተራ ላይ አየኋቸው። እማማ አስካለ ክንዳቸውን ይዘዋል፤ ሲስተር ምሳ ዕቃ አንጠልጥለዋል። በማግስቱ ጠየቅኳቸው።

"እስር ቤት ነው የምንሄደው። ታክሲ መቀያየር አለባት፤ ዓይኗ አያይም" አሉኝ።

"ታምራት አናገረዎት?"

"እኔ አልገባም። ላያት አልፈልግም ብሏል። መብቱ ነው። እሷ እስክትወጣ በር ላይ እጠብቃለሁ።"

"እናቱስ ይቅር አሉዎት?"

"አልጠየቅኳትም።"

"ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?"

"ዓይኗ አያይም አልኩህ እኮ።"

ሰናይት ይህን ስትሰማ ቢሮ መጥታ ጮኸች። ጅማቷ ተቆርጦ ስለነበር ሁለቱ ጣቶቿ አይታጠፉም፤ በዚያ እጅ ጠረጴዛውን ትመታለች። "እሷ እኮ ናት 'ባል ነው፣ ቻይው' ስትለኝ የነበረችው! የኔ ደም ምንጣፉ ላይ እያለ የእሱን እናት ይደግፋሉ?"

"ትክክል ነሽ" አሉ ሲስተር።

"እኔ ብሆን ሦስተኛም አራተኛም እደግመው ነበር!"

"አንቺ ብትመቺው አልፈርድብሽም።"

"ታዲያ በራስዎ ላይ ለምን ይፈርዳሉ?"

"አንቺ እየሞትሽ ነበር ሰናይት። እኔ እየሞትኩ አልነበረም።"

ሰናይት ወጥታ ሄደች። ለረጅም ጊዜ አልመጣችም። የሲስተር ጉበት መታመሙ ሲሰማ ግን መካኒሳ ቤታቸው እየሄደች ታጥባቸው፣ ታበላቸው ነበር። የእሁዱን ነገር ሁለቱም አንስተውት አያውቁም። ሲስተር እግራቸው እስኪያብጥ፣ መቆም እስኪያቅታቸው ድረስ እሁድ አልቀሩም። ከተኙ በኋላም "እናቲቱ ዛሬ ከማን ጋር ሄዱ?" ብለው ይጠይቁኝ ነበር፤ ከእኔ ጋር እንዳልሄዱ እያወቁ። እማማ አስካለ እኔን ይዘው መሄድ አልፈለጉም።

ለቅሶው መካኒሳ አቦ ቤታቸው በር ላይ በተተከለ ድንኳን ነበር። ጋሽ ሸምሱ ከጋራዥ ልጆቻቸው ጋር ወንበር ሲያደርሱ ዋሉ። የቡድኑ ወንዶች ከነሚስቶቻቸው የመጡም፣ ብቻቸውን የመጡም ነበሩ። ሰናይት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣለች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እማማ አስካለ በሰው እየተመሩ ገቡ። ማንም አላወቃቸውም። የዕድሩ ሴቶች ቦታ ለቀው አስቀመጧቸው፤ አንዷ ሴት ውሃ እየሰጠቻቸው ጎንበስ ብላ፣ "እማማ፣ ለሲስተር ምናቸው ነዎት?" አለቻቸው።

"ልጄን የመታችው ናት" አሉ እማማ አስካለ።

ሴትየዋ የሰማችው የተሳሳተ መስሏት ዙሪያዋን አየች። ሰናይት ተነሳች። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ በእማማ አስካለ ፊት አልፋ፣ ከድንኳኑ ወጣች። እኔ ተነስቼ ድንኳኑ መሀል ቆምኩ፤ ወዴት እንደምሄድ አላወቅኩም።

እማማ አስካለ ይህን ሁሉ አላዩም። የያዙትን ውሃ ሳይጠጡት፣ የሴትየዋን እጅ አልለቅም ብለው ይዘው፣ ጉልበታቸውን በሌላው እጃቸው እየመቱ፣ "እሁድ ከማን ጋር ልሄድ ነው እንግዲህ?" ይላሉ። "ንገሪኝ እስቲ፤ እሁድ ከማን ጋር ልሄድ ነው?"